ነውሩ መሸጡ ላይ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ይኸው፣ አንተን ነው የሚሰድቡህ» ብሎበታል። አነበብኩት። እውነትም እኔን ነው። በስሜ አልጠሩኝም፤ በሥራዬ ግን ጠርተውኛል።

ጸሐፊው የጻፉት ነፃ ሶፍትዌር እየሸጡና እየጫኑ ገንዘብ ስለሚቀበሉ ሰዎች ነው። እኔ ከአሥር ዓመት በላይ እንጀራዬን የበላሁት በዚሁ ነው። ለትንንሽ ቢሮዎች ሊኑክስን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ነፃ ሶፍትዌር፣ እጭናለሁ። ለኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ቆሃ የተባለውን ማስተዳደሪያ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። ሰርቨር ሲወድቅ እሁድም ቢሆን እጠራለሁ፤ እሄዳለሁ። ከዚያ ሒሳብ እጠይቃለሁ።

ጽሑፉ ላልደረሳችሁ ክሱ ባጭሩ ይኸው ነው። ነፃ የተባለ ነገር ዋጋ ሊኖረው አይገባም። የሚሸጠው ሰው በሌላ ሰው ላብ ይከብራል። የሚገዛው ደግሞ ይታለላል፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያገኘው ነበርና። ገንዘብ የገባበት ነፃ ሶፍትዌር ውሎ አድሮ ይዘጋና የኩባንያ ንብረት ይሆናል። ስለዚህ መሸጡ በሕግ ይከልከል፤ የመተግበሪያ መደብሮችም ያግዱት። እንደኛ ባለ ደሃ አገር ደግሞ ነገሩ ድርብ ኃጢአት ነው፣ ይላሉ።

ቁጣቸው ከክፋት እንዳልመጣ ይገባኛል። እንዲያውም ግማሹን እጋራዋለሁ። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ ስደርስበት እናገራለሁ። (በነገራችን ላይ ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የኛን ሕግ ስጠቅስ ብቻ በኛ።)

ከቃሉ እንነሳ። «ነፃ» የምትለዋ ቃል ለሁለት ጌታ ታገለግላለች። «ሻዩ በነፃ ነው» ስንል ሒሳብ አንጠይቅም ማለታችን ነው። «ተከሳሹ ነፃ ወጣ» ስንል ግን ስለ ሒሳብ ማንም አያስብም፤ ጠበቃው እንዲያውም ጥሩ አድርጎ ነው ያስከፈለው። ነፃ ሶፍትዌር የሁለተኛው ወገን ነው። ልዩነቱን የምታመጣው ያቺ «በ» ናት። ጸሐፊው ሙሉ ጽሑፋቸውን የገነቡት ያቺን «በ» በሌለችበት ቦታ አስገብተው ነው። «ሙፍት ሶፍትዌር» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ቢያንስ ስለ ምን እንደምንከራከር እናውቅ ነበር።

ስሙ የወጣው ለተጠቃሚው ነፃነት ነው። ፕሮግራሙን ለፈለገው ጉዳይ ያስኬደዋል። ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ከፍቶ ያየዋል፣ ይለውጠዋል። ለሌላ ሰው ያባዛዋል። ያሻሻለውንም ያሰራጫል። እነዚህ አራቱ እስካልተነኩ ድረስ ዋጋ መጠየቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተፈቀደ ነው። የተፈቀደ ብቻም አይደለም። የነገሩ አባት የሚባለው ሪቻርድ ስታልማን ራሱ ሻጭ ነበር። ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት በ1983 አስታወቀ፤ ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቀቀ። በ1985 ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሙን በቴፕ እየቀዳ በ150 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ኔትወርክ ያለው ሰው ያለ ክፍያ ይወስዳል፤ የሌለው ቴፑን ይገዛል። ያን ጊዜ 150 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ጂፒኤል የሚባለውን ፈቃድ የጻፈውም እሱ ነው። የ2007ቱ ሦስተኛው ስሪት ለእያንዳንዱ ቅጂ ማንኛውንም ዋጋ መጠየቅ፣ ወይም ምንም አለመጠየቅ እንደሚቻል በግልጽ ያስቀምጣል። ገደቡ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ፕሮግራሙን የሸጥክለትን ሰው ኮዱን መከልከል አትችልም። እሱ በተራው እንዳይሸጥ ወይም ለጎረቤቱ በነፃ እንዳያድል ልታስረውም አትችልም።

ሊኑክስ ደግሞ የጸሐፊውን ሐሳብ ሞክሮ የተወ ፕሮጀክት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ሆኖ ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ ሲለቅ ፈቃዱን ራሱ ነበር የጻፈው። ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው የሚል ነበረበት። ችግሩ ወዲያው መጣ። ሰዎች ፍሎፒ ዲስክ ላይ እየቀዱ ሊያድሉ ፈለጉ። የዲስኩን ዋጋ እንኳ ቢቀበሉ ፈቃዱን መጣሳቸው ሆነ። በ1992 ሊኑስ ያንን ፈቃድ ትቶ ወደ ጂፒኤል ተሻገረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው፣ በሊኑክስ ከርነል የሚሠራው አንድሮይድ ስልክ ይመሰክራል።

ይህ ነገር ለኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ድሮ ዳዊት ማስጻፍ የፈለገ ሰው ቁም ጸሐፊ ይዋዋላል። ለብራናው፣ ለቀለሙ፣ ለወራት ድካሙ ይከፍለዋል። የተገዙበት ዋጋ በባዶው ገጻቸው ላይ የተጻፈባቸው የብራና መጻሕፍት አሉ። ታዲያ «ቁም ጸሐፊው መዝሙረ ዳዊትን ሸጠ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ነገ ጎረቤት መጥቶ ከዚያው ዳዊት ላይ ልገልብጥ ቢል ከልካይ የለውም። ለሱም የሚጽፍለት ሌላ ጸሐፊ ይከፈለዋል። ቃሉ ግን ከማንም ኪስ አልገባም።

«በሌላ ሰው ላብ ይከብራሉ» የሚለው ክስ ደግሞ ያማል። የሚያመውም ግማሽ እውነት ስላለበት ነው።

እውነት ያልሆነውን ላስቀድም። ኮዱን የጻፈው ሰው ፈቃዱን የመረጠው አውቆ ነው። እንዳይሸጥበት የፈለገ እንዲያ የሚል ፈቃድ መጻፍ ይችላል። ኦፕን ሶርስ (ክፍት ኮድ) የሚለው ስም ግን አይሰጠውም፤ በ1998 የተቋቋመው የኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ መመዘኛ በመጀመሪያው ነጥቡ ሽያጭ የሚከለክልን ፈቃድ አይቀበልም። ባለቤቱ ሽጡት ብሎ የሰጠውን እኛ «ተሰረቀብህ» ብለን ስንጮህለት ምን ይባላል? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።

ሬድ ሃትን ተመልከቱ። በ1993 ተጀመረ። የሚሸጠው ሌላ ሰው ያለ ክፍያ ሊያገኘው የሚችለውን ሊኑክስ ነው። ዋስትናውን፣ ጥገናውን፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳውን ሰው ጨምሮ ማለት ነው። በ2012 ዓመታዊ ገቢው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ለከርነሉ ብዙ ኮድ ከሚያበረክቱት ኩባንያዎች ውስጥ ሬድ ሃት ለረጅም ዓመታት ከፊት ተሰልፏል። እዚያ ደመወዝ የሚበሉ መሐንዲሶች የጻፉትን እኔ ያለ ክፍያ እጠቀምበታለሁ። ጸሐፊውም ይጠቀሙበታል፤ ጽሑፋቸው ወደ እኔ ሲመጣ ያለፈባቸው ሰርቨሮች ላይ ሊኑክስ አለመኖሩን በጣም እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ እውነቱ ግማሽ። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ወደ ምንጩ አይመለስም።

በ2014 ኤፕሪል ላይ ኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። ኦፕን ኤስኤስኤል በኢንተርኔት የምንልከውን የይለፍ ቃልና የባንክ ቁጥር የሚሸፍን ኮድ ነው። ዓለም ደነገጠ። ከዚያ ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ኮዱን ማን እንደሚጠብቀው ሲታወቅ ነው። ሙሉ ጊዜውን የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በልገሳ የሚገባው ገንዘብ በዓመት ወደ 2000 ዶላር ነበር። ሁለት ሺህ! በዚህ ኮድ ላይ ተቀምጠው ቢሊዮን የሚያገላብጡ ኩባንያዎች በዓመት ያዋጡት ይህንን ነው።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢያውቁት ኖሮ «አያችሁ!» ይሉ እንደነበር አልጠራጠርም። ግን ቆይ። ያንን አንድ ሰው እስከዚያ ቀን ያቆየው ምን ነበር? የኦፕን ኤስኤስኤል ሰዎች ለድርጅቶች በውል የሚሸጡት ድጋፍና ሙያዊ ሥራ ነው። ልገሳው ለቡናም አይበቃ። ሽያጩ በጸሐፊው ሐሳብ ቢከለከል ኖሮ ያ አንድ ሰውም ባልነበረ።

የኤክስዜድን ጉዳይ አስታውሱ። በ2024 ነው። ትንሽ የፋይል መጭመቂያ ኮድ ናት፤ በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ውስጥ አለች። ለዓመታት የተንከባከባት አንድ ያልተከፈለ ሰው ነበር። ደከመው። ረዳት መስሎ የቀረበ ሰው ቀስ በቀስ አመኔታውን አገኘና የኋላ በር፣ ማለትም ስውር መግቢያ፣ ተከለባት። የተያዘውም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ሲቆፍር ነው። ግማሽ ሴኮንድ! ሥራው ያለ ክፍያ ይሁን ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ያ ሰውዬ ከእንቅልፉ ሲከፍል ነበር።

እና የምጋራው ግማሽ ይኸው ነው፦ ሸጦ ምንም የማይመልስን ሰው እኔም አልወደውም። ግን መፍትሔው «አትሽጥ» ከሆነ መመለስ የሚችለውንም አብሮ ይገድለዋል።

ሦስተኛው፣ ገዢው ተታልሏል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን እንለይ።

አንደኛው ዋጋውን እያወቀ የሚከፍል ነው። ሊብሬ ኦፊስ የተባለውን የቢሮ ሥራ ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ድርጅት በራሱ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ያድለዋል። ከ2022 ጀምሮ ግን ያንኑ ፕሮግራም በአፕል መደብር ላይ ራሱ ይሸጣል፤ ሲጀምር ዋጋው 8.99 ዩሮ ነበር። ክሪታ የተባለውን የስዕል ፕሮግራምም ከገጹ ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል፤ ስቲም በተባለው የጨዋታዎች መደብርና በማይክሮሶፍት መደብር ግን ይሸጣል። ገንዘቡ ለሚጽፉት ሰዎች ደመወዝ ይሆናል። የሚገዛው ሰው በራሱ የሚታደስ ቅጂ ያገኛል፣ ሥራውንም ይደግፋል። ማን ተታለለ?

እኔም ገዢ ሆኜ አውቃለሁ። ተማሪ ሳለን ኢንተርኔት በስልክ መስመር ነበር፤ እየጮኸ የሚገናኘው። አንድ ሙሉ ሲዲ፣ 700 ሜጋባይት፣ በዚያ መስመር ሳይቋረጥ ቢወርድ እንኳ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ሳይቋረጥ የሚባል ነገር ደግሞ አልነበረም። ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ ኡቡንቱን፣ አንዱን የሊኑክስ ዓይነት፣ በሲዲ አድርጎ ለጠየቀው ሁሉ ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክ ነበር፤ እስከ 2011 ድረስ። ፖስታው ግን ሳምንታት ይቆያል፣ ፈተናችን አይቆይም። ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ሄጄ የተቀዳ ሲዲ በ20 ብር ገዛሁ። ልጁ «ይሄ እኮ ነፃ ነው፤ የቀዳሁበትን ነው የማስከፍልህ» አለኝ። ሲዲውን ለስድስት ጓደኞቼ አዋስኩ። ባለ ሱቁ ያውቃል፤ እንዲያውም «ሲጨርሱ መልስልኝ፣ ተጫጭሮ እንደሆነ ሌላ እቀዳልሃለሁ» ብሎኛል። ያ ልጅ የጸሐፊው ወንጀለኛ ነው። ለኔ ግን ሊኑክስን ያስተማረኝ መምህሬ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሳያውቅ የሚከፍለው ነው። እሱም እኔ ሆኜ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ለእህቴ ልጅ የባለ ሦስት ገጽታ ስዕል መሥሪያ ፈልገን ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ አንድ ፕሮግራም ገዛልን። ስሙ የሚያምር፣ ማስታወቂያው ደግሞ «የሆሊውድ ምሥጢር» ምናምን የሚል። ከፍተን ስናየው ብሌንደር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ስሙ ተፍቋል፣ የሠሪዎቹ ስም የለም፣ ኮዱ ከየት እንደሚገኝ የሚል አንድ መስመር አልተጻፈም። ልጁ በአምስት ደቂቃ አወቀው፤ እኔ ባለሙያው አላወቅሁትም። እስካሁን ያፌዝብኛል።

ይህ ማታለል ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢቆጡ እኔም አብሬ እቆጣለሁ። ግን ያታለለን ዋጋው አልነበረም። ስሙን መፋቁ ነው። ያ ሻጭ ፕሮግራሙን በነፃ አድሎን ቢሆን ኖሮ እንኳ የሠሪዎቹን ስም መፋቁ በደል ነበር። በሌላ በኩል «ይህ ብሌንደር ነው፣ እዚህ ቦታ ያለ ክፍያ ይገኛል፣ እኔ የአማርኛ ማስተማሪያ ጨምሬበት 50 ዶላር እላለሁ» ቢለን ምናልባት ደስ ብሎን እንከፍል ነበር።

ስለ ብሌንደር ካነሳን ጸሐፊው ሊሰሙት የሚገባ ታሪክ አለ። ብሌንደር መጀመሪያ የአንድ የሆላንድ ኩባንያ ንብረት ነበር። ኩባንያው በ2002 ከሰረ። ገንዘብ ያፈሰሱበት ሰዎች ኮዱን ለመልቀቅ 100,000 ዩሮ ጠየቁ። ሠሪው ቶን ሮዘንዳል ሕዝቡን አዋጡ አለ። በሰባት ሳምንት ሞላ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኮዱ በጂፒኤል ተለቀቀ። ያ ሶፍትዌር ነፃ የወጣው ተገዝቶ ነው።

አራተኛው ነጥብ ገንዘብ ከገባ ኩባንያ ይዘጋዋል የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ምሳሌዬም በየቀኑ የምሠራበት ቆሃ ነው።

ቆሃ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ነው። የተወለደው ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ሆሮዌኑዋ በሚባል አካባቢ ላሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። የድሮ ሲስተማቸው 2000 ዓመት ሲገባ እንደማይሠራ ታወቀ። ካቲፖ የሚባል ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ቀጠሩ። በስልክ መስመር የሚሠራ አዲስ ሲስተም ሠራላቸው፤ በ2000 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ለዓለም ለቀቁት። «ቆሃ» በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ ዝም ብሎ የሚሰጥ ሳይሆን በእንግድነት የሚሄድ ሰው ይዞት የሚሄደው፣ ብድር ያለበት ስጦታ። ለኛ ለመግለጽ አይቸግርም፦ ሠርግ ላይ የምትጽፈው ገንዘብ ዓይነት ነው፣ ነገ በልጅህ ሠርግ የሚመለስ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው መስመር ሲጻፍም የተከፈለበት ሥራ ነበር።

ከዚያ ሊብላይም የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ቆሃን እየጫነና እየደገፈ ይሸጥ ጀመር። ደህና ሠራ። በኋላ ከማኅበረሰቡ ጋር ተጣላ፤ በ2010 ሌላ ኩባንያ ገዛው። «ቆሃ» የሚለውንም ስም ኒውዚላንድ ውስጥ የንግድ ምልክቴ ይሁን ብሎ አመለከተ። የማኦሪዎችን ስጦታ የሚለውን ቃል! የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍትና ካታሊስት የተባለ የኒውዚላንድ ድርጅት ተቃወሙ። በ2013 አሸነፉ፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ጸሐፊው «ይኸው የፈራሁት» ሊሉ ይችላሉ። ግን ማን እንደታገለው ይዩ። ካታሊስትም ቆሃን እየጫነ የሚሸጥ ንግድ ነው። በስም ዘረፋው ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን የቆመው ሌላ ነጋዴ ነው። የተለቀቀው ኮድም አልተዘጋም፤ ሊዘጋም አይችልም ነበር፣ ፈቃዱ ጂፒኤል ስለሆነ። የማመልከቻው ክርክርም በስሙ ላይ እንጂ በኮዱ ላይ አልነበረም።

የተገላቢጦሹን ደግሞ እንይ። ባለፉት ዓመታት ፈቃዳቸውን ያጠበቡት እነማን ናቸው? የፍለጋ ሶፍትዌር የሚሠራው ኢላስቲክ በ2021፣ የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር የሚሠራው ሬዲስ በ2024። ለምን? እንደ አማዞን ያሉ ትልልቅ የክላውድ (ሰርቨር በኢንተርኔት የሚያከራዩ) ኩባንያዎች ሶፍትዌራቸውን እንደ አገልግሎት ሲሸጡ ስላዩ ነው። በሌላ አነጋገር የጸሐፊውን ሐሳብ ተግባር ላይ አዋሉት፦ ሌላው እንዳይሸጥብን አሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? አማዞን ራሱና ሌሎች ቀድሞ ክፍት ከነበረው ኮድ የራሳቸውን ቅርንጫፍ አውጥተው ሄዱ። ከኢላስቲክ ኦፕንሰርች ወጣ፣ ከሬዲስ ቫልኪ። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስም በ2025 እንደገና ክፍት ፈቃድ ጨመሩ። አማዞን ላይ የነበራቸው ብስጭት ይገባኛል፤ ሀብታም ሲበላብህ ያበሳጫል። በሩን የዘጋው ግን ሽያጩን ለመከልከል የተደረገው ሙከራ ነው።

አምስተኛው፣ ይታገድ የሚለው፣ ብዙ ቃል አይፈልግም። ተሞክሯል። በ2022 ጁን ማይክሮሶፍት የመደብሩን ደንብ ሲያሻሽል በሌላ ቦታ ያለ ክፍያ ከሚገኝ ሶፍትዌር ማትረፍ አይቻልም የሚል አንቀጽ አስገባ። ሐሳቡ የሰው ሥራ ስም ቀይረው የሚሸጡትን ለመያዝ ነበር። ሲነበብ ግን ክሪታን የመሰሉትን፣ የራሳቸውን ሥራ የሚሸጡትን ዋና ሠሪዎች ነው የሚያባርረው። የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች ጮኹ። በጁላይ አንቀጹ ተስተካከለ፤ ጉዳዩ የሌላውን ሥራ አስመስሎ ማቅረብ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ሆነ። ጸሐፊው የሚጠይቁት ያንኑ የተነሣ አንቀጽ መልሱልን ነው።

ሕግም ቢሆን አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቃል፤ የሠሪው ስም እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብትንም ያውቃል። ፈቃዱን ጥሶ የሚያባዛ ሰው በደራሲው መብት ላይ ነው የሚገባው። ውጭ አገር ይህ መንገድ ሠርቷል። በ2004 ሙኒክ ያለ ፍርድ ቤት ጂፒኤልን ያልጠበቀ ሻጭ ላይ ትእዛዝ ሰጥቷል። ሻጩ የተጠየቀው ለምን ሸጥክ ተብሎ አልነበረም። የፈቃዱን ጽሑፍና ኮዱን ለምን ከገዢው ደበቅህ ተብሎ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ አልክድም። የግዕዝ ፊደል ፎንት ለብቻው በፍላሽ እየቀዱ የሚሸጡ አሉ ብለዋል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተለቀቀበት የኦፕን ፎንት ፈቃድ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ይከለክላል። ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ታሽጎ ከሆነ ይፈቅዳል። ምንም የማትረባ ትንሽ ፕሮግራም ብትሆን እንኳ ትበቃለች፤ ስለዚህ ክልከላው የወንፊት ያህል ነው። ቢሆንም ፈቃድ ፈቃድ ነው። ፎንቱን ብቻውን የምትሸጡ ልጆች፣ ተዉ።

የመጨረሻው፣ ለደሃ አገር ድርብ ኃጢአት ነው የሚለው፣ ከሁሉም የገረመኝ ነው። እኛ አገር ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ለክራክ ዊንዶውስ ነው። ፎርማት አድርገውልህ፣ ከነቫይረሱ፣ ከፍለህ ትወጣለህ። በዚያ ላይ አንድም ቁጣ ጽሑፉ ውስጥ አላየሁም። በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ሲሆን ግን ኃጢአት ሆነ!

ትልቁን ሥራ እንይ። ፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ መነሻው ሕንድ፣ ባንጋሎር ያለ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ኮዱን ማንም ማውረድ ይችላል። ኮዱን አውርዶ ብቻ ግን አንድም ሰው አይመዘገብም። ማሽን አለ፣ ዳታ ሴንተር አለ፣ የሚያገናኝና የሚጠብቅ ባለሙያ አለ። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ጥያቄው ገንዘቡ ለማን ይከፈል የሚለው ነው። እዚሁ ያለ ልጅ ተምሮ ይህንን ሥራ መሸጥ ካልተፈቀደለት ከውጭ የሚመጣው ይሸጥልናል፤ በዶላር።

ስለ ራሴ ልጨምርና ላብቃ፤ ክሱ የኔ ስለሆነ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ቆሃ ጫንኩ። ካታሎጉ ኤክሴል ላይ ነበር፤ አንዱ መጽሐፍ ሦስት ቦታ በሦስት አጻጻፍ ተመዝግቧል። «ኃይለ»፣ «ሀይለ»፣ «ሃይለ» እያልኩ ስለቅም ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሦስት ሠራተኞች አሠለጠንኩ። ሲያልቅ የዋጋ ዝርዝሩን እንደ ልማዴ ጻፍኩ። አንደኛው መስመር፦ ቆሃ ሶፍትዌር፣ 0.00 ብር። ከሱ በታች መጫን፣ መረጃ ማዛወር፣ ሥልጠና፣ የአንድ ዓመት ድጋፍ፣ እያንዳንዱ ከነዋጋው። ዜሮዋን ሁልጊዜ እጽፋታለሁ። ገዢው ምን እንደከፈለበትና ምን እንዳልከፈለበት ይወቅ ብዬ ነው።

ከፋይናንስ ተደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ይቺ የመጀመሪያዋ መስመር ምንድን ናት?»

«ሶፍትዌሩ ነው እመቤት። ዋጋ የለውም።»

«ዋጋ ከሌለው ለምን ተጻፈ?»

«እንዲታወቅ ነው።»

«ሲስተሙ ዜሮ አይቀበልም። ወይ ሰርዘው፣ ወይ የሆነ ነገር በልበት።»

መሰረዙን እንቢ አልኩ። ስሙ ከወረቀቱ ላይ ከጠፋ እኔና ያ የብሌንደር ሻጭ ምን ለየን? ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ብር ተባለ። ቆሃን እስካሁን የሸጥኩበት ከፍተኛው ዋጋ እሱ ነው። ጸሐፊው ሊከሱኝ ከፈለጉ ደረሰኙ ኮሌጁ ፋይል ውስጥ አለ።